የጠነከረ ውሃ

የካቲት 4

ዛሬ «በረዶ» የሚለው ቃል ጠፋብኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ይቅር ይባል ነበር። የዛሬው ስብሰባ ግን ስለ ቀዝቃዛ መጋዘን ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ከበረዶ ሌላ የተነሳ ነገር የለም። ተናጋሪው ስለ ዓሣ ማጓጓዣ ሳጥን ሲያስረዱ የታችኛው ንጣፍ ላይ ደረሱ። እኔም በማይኩ ተከትያቸው «የታችኛው ንጣፍ…» አልኩና ቀረሁ። ቃሉ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። ጥርስ እንደወለቀበት ድድ፣ ምላሴ እየሄደ ይነካካዋል። በመጨረሻ «የጠነከረ ውሃ» ብዬ ተገላገልኩ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ልዑካን ስለ ጠነከረ ውሃ ሲከራከሩ ሰማሁ። አዲስ የሙያ ቃል መስሏቸዋል።

የምሠራው በአዳራሹ ጀርባ ባለች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ሁለት ወንበር፣ ሁለት ማይክ፣ አንድ በር አላት፤ አየር የላትም። መድረክ ላይ ያለው ሰው በአንድ ቋንቋ ይናገራል፤ እኔ እየሰማሁ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ በራሴ ቋንቋ እናገረዋለሁ። ሁለተኛው ወንበር ላይ የሚቀመጠው ባልደረባዬ በበጋም በክረምትም አንገቱ ላይ ሻርፕ ስለሚጠመጥም ስሙን ትተን ባለሻርፑ ነው የምንለው። እሱ ይበርደዋል። እኔ በዚህ ሰሞን ከደረቴ የሚነሳ ወላፈን አንገቴን አልፎ ፀጉሬ ሥር ገብቶ ይፈነዳል። የማቀዝቀዣው መቆጣጠሪያ መካከላችን ይቀመጣል። ስለ ሁለት ዲግሪ የሚከራከሩ ሰዎችን እየተረጎምን እኛም ስለ ሁለት ዲግሪ እንከራከራለን።

የካቲት 6

እንቅልፍ የለም። አንሶላው ተጨምቆ የሚሰጣ ነው። ባለቤቴ ኮቱን ለብሶ ይተኛል፤ መስኮቱን አትዝጋ ብዬዋለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ መኝታ ቤታችንን ለተማሪዎቹ እንደ ደጋ ምሳሌ እየጠቀሰው እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ።

የካቲት 9

መሀረቤን አርጥቤ የማይኩ ቁልፎች ያሉበት ሰሌዳ ላይ አነጥፈዋለሁ። ወላፈኑ ሲመጣ አንስቼ አንገቴ ላይ፤ ሲሄድ መልሼ ሰሌዳው ላይ። ባለሻርፑ ዓይቶ ምንም አላለም። ደግ ሰው ነው፤ ወይም ጉሮሮው ታሟል።

«መቆጣጠሪያ» የሚለው ቃልም ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ተመለሰ። ደክሞኝ ነው።

የካቲት 12

እትዬ ደወለች። ታላቅ እህቴ በዕድሜ ጥቂት፣ በአስተያየት ብዙ ትበልጠኛለች። አምሳን ባልፍም እስካሁን የምትጠራኝ ሚጣ ብላ ነው። ስለ ሙቀቱ ነገርኳት። እሷም አልፎባት እንዳልሞተች አስታወሰችኝ። ሐኪም ጋ ልሂድ ይሆን ስላት ድምጿ ተቀየረ፤ ሆርሞን የሚባለውን እንዳልነካ፣ ካንሰር እንደሆነ፣ ይህንንም ከፀጉር ቤት እንደሰማች ገለጸችልኝ። ፀጉር ሠሪዋ ደግሞ ከደንበኛ፣ ደንበኛዋ ከአማቷ፣ አማትየዋ ድሮ ከሬዲዮ።

በእኛ ሙያ ይህ ቅብብል ይባላል። በጎረቤት ሳጥኖች ያሉት አስተርጓሚዎች የመድረኩን ሰው ቋንቋ በማያውቁበት ጊዜ የእኔን ትርጉም ይሰሙና ወደየቋንቋቸው ያዞሩታል። እኔ «ዓሣ» ካልኩ ዓሣ ይላሉ። እኔ ከተሳሳትኩ አዳራሹ በአራት ቋንቋ ይሳሳታል። ስለዚህ የእትዬን መረጃ በባለሙያ ዓይን መዝኜ ምንጩ ጋ ለመሄድ ወሰንኩ።

ልትዘጋ ስትል «ሌላስ?» አለችኝ። «ስም ምናምን አይጠፋብሽም?»

«የለም» አልኳት። ፈጥኜ።

ከዚያ ስለ ጫማ አወራን።

የካቲት 17

ኮሪደር ላይ ውሃ እየቀዳሁ ሳለ የአለቃችን በር ገርበብ ብሎ ነበር። ፕሮግራም ለሚያወጣው ሰውዬ ነው የምታወራው። «ጥሩ ነበረች እኮ። አሁን ግን ቃል እየፈለገች ትቆማለች። ከሚያዝያው ስብሰባ በኋላ ወደ ታች ብናወርዳት ይሻላል።»

ስሜን አላነሳችም። ጨዋ ሴት ናት።

ታች ማለት የጽሑፍ ትርጉም ክፍል ነው፤ ምድር ቤት፣ ከቦይለሩ ጎን። እዚያ ያሉት ባልደረቦቼ የተረጋጉ ሰዎች ናቸው፤ መዝገበ ቃላት አላቸው፣ ማንም አይቸኩልባቸውም። ቃል የሚጠፋበት ሰው መዝገበ ቃላት ያለበት ቦታ ይቀመጥ፤ አስተሳሰቡ እንከን የለውም። መጸዳጃ ቤት ገብቼ እንከን እስካገኝለት ድረስ ተቀመጥኩ። አላገኘሁም። ፊቴን ታጥቤ ወጣሁ።

የካቲት 18

ማንኪያ። ሹካ። ቢላዋ። ሳህን። ጭልፋ። ወንፊት። ድስት። ክዳን።

ሁሉም አሉ።

የካቲት 19

እናቴ በማንኪያ ነበር የጀመረችው። «የሾርባውን እጅ አቀብዪኝ» አለችኝ፤ ሳቅን። ያኔ ከእኔ ያሁኑ ዕድሜ ብዙም አልራቀችም ነበር።

ዛሬ ስለዚህ መጻፍ አልፈልግም።

የካቲት 23

ሐኪም ጋ ሄድኩ። ወጥቼ መንገድ ላይ ብቻዬን ስስቅ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ወደ ማዶ ተሻገረች።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ወንበሯ ላይ ትራስ የምታደርግ ሴት ናት። ያልኳትን ሁሉ ሳታቋርጥ ሰማች። እኔ ኑሮዬ ሰው እየተናገረ እኔም መናገር ነውና ዝም ብሎ የሚሰማኝ ሰው ሳገኝ ግራ ተጋባሁ። ካበቃሁ በኋላ ማረጥ ሲመጣ ሰውነት የለመደው ኢስትሮጅን እንደሚቀንስ፣ በአንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መለኪያ ደግሞ በዚህ ምክንያት ግልፍተኛ እንደሚሆን አስረዳችኝ። በጥቂቱ ይሞቀዋል፣ ቤቱ የተቃጠለ ይመስለዋል። መለኪያውን አውቄዋለሁ፤ አለቃችን ናት።

መድኃኒቱ ያንኑ ኢስትሮጅን በትንሹ መመለስ ነው። መልኩ ብዙ ነው። የሚዋጥ ክኒን አለ። በሳምንት ሁለት ጊዜ እየተቀየረ ከወገብ በታች የሚለጠፍ ፕላስተር አለ። ክንድ ወይም ጭን ላይ የሚቀባ ጄል አለ፤ እስኪደርቅ ግን ሰው ማቀፍ፣ ሕፃን መንካት ክልክል ነው፣ ወደ እነሱ ይተላለፋልና። ለታችኛው ክፍል ድርቀት ብቻ ደግሞ እዚያው የሚደረግ ክሬም ወይም እንክብል አለ፤ ወደ ሌላው ሰውነት እምብዛም አይዘልቅም። እኔ ማህፀኔ ስላለ ኢስትሮጅን ብቻውን አይሰጠኝም፤ የማህፀንን ግድግዳ ያወፍራል። ስለዚህ ፕሮጄስትሮን የሚባል ጠባቂ አብሮት ይሄዳል፤ ማታ ማታ የሚዋጥ፣ እንቅልፍም የሚጋብዝ። ወዲያው ገባኝ። ልክ እንደ እኔና ባለሻርፑ ነው፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ቁልፉን ይጠብቃል።

ስለ ካንሰሩ ጠየቅኳት። የእትዬን ዜና አላጣጣለችም። ሁለቱ አብረው ለዓመታት ሲወሰዱ የጡት ካንሰር ዕድል በጥቂቱ ከፍ እንደሚል፣ የሚዋጠው ክኒን ደም የማርጋት ዕድሉ ከሚለጠፈው እንደሚበልጥ፣ ጡቷ ታሞ ለነበረ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ደም ለሚፈሳት ሴት እንደማትሰጥ፣ ካረጠች ብዙ ዓመት ላለፋት ደግሞ ሂሳቡ ሌላ እንደሆነ ነገረችኝ። ግፊቴን ለካች፣ የጡት ምርመራ አዘዘች፣ ግፊቴ ትንሽ ከፍ ስለሚል የሚለጠፈውን መረጠችልኝ። ከዚያ የሚከተለውን አለች፤ እንዳለችው እጽፈዋለሁ።

«ለሙቀቱ ከዚህ የሚሻል የለም። ለአጥንትሽም ይጠቅማል። ለመርሳት ብዬ ግን አልሰጥሽም። እንቅልፍሽ ሲመለስ ቃላቱም ይመለሱ ይሆናል፤ ዋስ ግን አልሆንም።»

ይሆናል። ይህን ቃል በሙያዬ ስንት ጊዜ እንደተረጎምኩት አላውቅም፤ አቅፌው ወደ ቤት ስሄድ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

በመጨረሻ «በቤተሰብ ያለ ሌላ በሽታ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኩ። እና ጄሉ ይሸታል ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

መጋቢት 3

የምርመራው ውጤት ደህና ነው። የመጀመሪያውን ፕላስተር ለጠፍኩ። ግልጽ፣ ቀጭን፣ የማታስፈራ ነገር ናት። ይህን ሁሉ ጦርነት ይህቺ ትጨርሰዋለች?

ለእትዬ አልነገርኳትም።

መጋቢት 6

ምንም ለውጥ የለም። ጡቴን ያመኛል። «አጀንዳ» ጠፍቶብኝ «የዛሬው ወሬያችን» አልኩ። ሊቀ መንበሩ ቀና ብለው ሳጥናችንን ፈለጉ።

ሹካ። ጭልፋ። ወንፊት። አሉ።

መጋቢት 10

ፕላስተሯ ጠፋች። በላብ ለቅቃ ይሆናል ብዬ አልጋውን አራገፍኩ፣ ምንጣፉን አነሳሁ። የለችም። ባለቤቴ ከትምህርት ቤት ገብቶ ሸሚዙን ሲያወልቅ ትከሻው ላይ ተለጥፋ አገኘኋት። ሙሉ ቀን አስተምሮባታል።

ምንነቷን ሳስረዳው አሰበ። «ለዚህ ነው ለካ ዛሬ ማንንም ያልተቆጣሁት» አለ።

አዲስ ለጠፍኩ። ከእንግዲህ ከታጠብኩ በኋላ ቆዳዬን አድርቄ፣ ቅባት ሳልቀባ፣ ለጥቂት ጊዜ በመዳፌ ተጭኜ እይዛታለሁ። መመሪያው እንዲህ ይል ነበር። መመሪያ ለሌላው ሰው የሚጻፍ ይመስለኛል ሁልጊዜ።

መጋቢት 17

ተኛሁ።

ሌላ ምን ይጻፋል። ተኛሁ፣ ነጋ፣ አንሶላው ደረቅ ነው፣ ወፍ ይጮኻል፣ ወፉ ደስ ይለኛል። ባለቤቴን ቀሰቀስኩትና ተኝቼ እንደነበር ነገርኩት። እሱም ተኝቶ እንደነበር ገለጸልኝ። ተነስቶ ኮቱን አወለቀና በሥርዓት ቁም ሳጥን ውስጥ ሰቀለው። ባንዲራ ሲወርድ እንደማየት ነበር።

መጋቢት 24

ወላፈኑ ከትናንት ወዲያ አንዴ መጣ፤ እንደ ቀድሞ አለቃ በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጥቶ ሄደ። መሀረቡን ከልማድ አሁንም ሰሌዳው ላይ አነጥፋለሁ።

ለሚያዝያው የቀዝቃዛ መጋዘን ስብሰባ እየተዘጋጀሁ ነው፤ የሠርጌን ልብስ ስመርጥ እንኳን እንዲህ ልቤ አልመታም። ውርጭ፣ አመዳይ፣ ቆፈን፣ ጤዛ፣ ጉም፣ ትነት። አውቶቡስ ውስጥ እየተንሾካሾክኩ እደጋግማቸዋለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ የምጸልይ መስሎት ቦታ ሰፋ አደረገልኝ። ቃላቱ ሳልጠራቸው ይመጣሉ፤ አንዱን ስፈልግ ዘመዶቹን አስከትሎ ይመጣል። «በረዶ»ም ተመልሷል። የት እንደከረመ አልጠየቅኩትም።

ሐኪሟ ያቺን ለድርቀት የምትሆነውንም ጨምራልኝ ነበር። በዚህ ደብተር ስለዚህ የሚጻፈው ይህን ያህል ነው። ባለቤቴ ግን ሰሞኑን እየዘፈነ ነው የሚላጨው።

ሁሉ ነገር ጥሩ ነው። ማንኪያ።

መጋቢት 28

ባለሻርፑ ነገር ያዞራል። መጀመሪያ መቆጣጠሪያውን ለምን እንደተውኩለት ጠየቀ። ቀጥሎ አንዲት ዘመድ እንዳለችው፣ ሌሊት መስኮት እንደምትከፍት፣ በትንሽ በትልቁ እንደምትቆጣ ነገረኝ። ይህቺ ዘመድ ለሻርፑ ምክንያት እንደሆነች ያን ጊዜ ተገለጠልኝ፤ ለካ ሰውዬው ቤቱም አይሞቅም። አንድ ቀን በሰፊው አጫውትሃለሁ አልኩት።

ሚያዝያ 5

ማይኩ ክፍት ነበር።

ነገ እጽፋለሁ።

ሚያዝያ 6

ትናንት፣ የስብሰባው ሁለተኛ ቀን፣ ከምሳ በፊት። መድረክ ላይ ያሉት አዛውንት መሐንዲስ የሚናገሩትን ቋንቋ ከሳጥኖቹ ሁሉ እኔና ባለሻርፑ ብቻ እናውቀዋለን፤ ስለዚህ ሌሎቹ ሦስት ሳጥኖች በቅብብል ከእኔ ይወስዳሉ። ጠዋቱን ሙሉ እንደ ወራጅ ውሃ ነበርኩ። መሐንዲሱ መነጽራቸውን አጡ። ኪሳቸውን ፈለጉ፣ ቦርሳቸውን ፈለጉ፣ ሊቀ መንበሩም ጎንበስ ብለው ጠረጴዛ ሥር አገዟቸው። እኔ ማይኩን ባለሻርፑ የዘጋው መሰለኝ፤ እሱ እኔ የዘጋሁት መሰለው። ማይኩ ክፍት መሆኑን የሚያሳየው ቀይ መብራት ደግሞ መሀረቤ ሥር ነበር።

ባለሻርፑ ዘንበል ብሎ ያቺ ዘመዱ ክኒኑን ብትጀምር ይሻላት እንደሆነ ጠየቀኝ።

አብራራሁ። በሙሉ ልቤ አብራራሁ። ከክኒኑ ጀምሬ ፕላስተሩን፣ ጄሉን፣ የታችኛውን ክሬም፣ የማህፀኑን ጠባቂ፣ ማን መውሰድ እንደሌለበት፣ ለምን ሐኪም ሳታይ ከጎረቤት ተውሳ እንዳትጀምር፣ ፕላስተሯ የባለቤቴ ትከሻ ላይ እንዴት እንደዋለች ሁሉንም አወረድኩት። የጎረቤት ሳጥኖች ውስጥ ያሉት ባልደረቦቼ ግዴታቸውን ያውቃሉ፤ የተባለውን ማለት ነው። መስታወቱ ማዶ አፋቸው ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፤ መሐንዲሱ ተናግረው ይሆናል ብዬ እንኳን አልተጠራጠርኩም፣ እነሱ ሁልጊዜ አፋቸው ይንቀሳቀሳል። አዳራሹ ውስጥ አንዳንዶች ማስታወሻ ይይዛሉ። አንዲት የመጋዘን ኃላፊ እስክሪብቶ ከጎረቤቷ ነጠቀች።

ባለሻርፑ በመጨረሻ «አንቺ ግን ምን አስቸኮለሽ?» አለኝ። «ሙቀት ብቻ ነው?»

ለማንም ያላልኩትን አልኩት። «እናቴ ማንኪያ ጠፍቶባት ነው የጀመራት» አልኩት። «መጨረሻ ላይ እኔንም አታውቀኝም ነበር። በረዶ የጠፋብኝ ቀን ተራዬ ደረሰ አልኩ።»

የመስታወቱ ግድግዳ ተንኳኳ። የጎረቤት ሳጥን አስተርጓሚ፣ ኮስታራ ሴት፣ ቆማ በቀለበቷ ትመታለች፤ ዓይኗ እርጥብ ነው፣ በመዳፏ የመጫን ምልክት ታሳየኛለች። መሀረቡን አነሳሁ። ቀይ።

ሊቀ መንበሩ የጆሮ ማዳመጫቸውን አስተካክለው ልዑክ የተናገረች መስሏቸው አመሰገኑ፤ የሙቀት ቁጥጥርን የሚመለከተው ነጥብ መያዙንም አረጋገጡ። መነጽሩ ተገኘ። የቀረውን ተረጎምኩ፤ እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ለምሳ ስወጣ የመጋዘን ኃላፊዋ በር ላይ ጠበቀችኝ። ጄሉን ተቀብታ ምን ያህል ቆይታ ልብስ መልበስ እንደምትችል ልትጠይቀኝ ነው። ከኋላዋ ሌሎችም ነበሩ። ባለሻርፑ ሻርፑን እስከ ዓይኑ ስቦ በሌላ በር ወጣ።

ሚያዝያ 7

አለቃችን አስጠራችኝ። ዕቃዬን በልቤ አስሬ ነው የገባሁት። የቦይለሩ ድምፅ ይሰማኝ ጀምሮ ነበር።

ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንደሚሰጠኝ ነገረችኝ፤ ማይክ ማይክ ነው። መሀረብም ከእንግዲህ ሰሌዳ ላይ አይነጠፍም። ተቀበልኩ። ከዚያ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው።

«ወደ ታች እንዳወርድሽ ማስረጃ እንዲሆነኝ የዚህን ስብሰባ የድምፅ ቅጂሽን አውጡልኝ ብዬ ነበር» አለች። «ይህን አመጡልኝ። ሁለቴ አዳመጥኩት። አንድም ቃል አልፈለግሽም።»

ወንበሬን ወደ ኮምፒውተሩ አስጠጋሁ።

«አሁን ደግሞ የጎረቤቶችሽን ስሚ» አለችና ማዳመጫውን ሰጠችኝ።

የመጀመሪያው ሳጥን ክኒኑን፣ ፕላስተሩን፣ ጄሉን በሚያምር ቋንቋ አስኬዶታል፤ የባለቤቴ ትከሻ ላይ እንኳን አልሳቀም። «እናቴ ማንኪያ» ጋ ሲደርስ የማይኩ ቁልፍ ቀጭ አለ። ዝምታ። ሁለተኛው ሳጥን፤ እዚያው ቃል ላይ ቀጭ። ሦስተኛው፤ ቀጭ። ሦስቱ አልተመካከሩም፤ መካከላቸው ግድግዳ ነው። ስለዚህ የእናቴን ነገር የሰማው የእኔን ቋንቋ የሚያውቅ ብቻ ነው። የቀረው አዳራሽ እስከ ትከሻው ድረስ ሰምቶ ቀረ።

«ያልተተረጎመ ንግግር ደንብ መጣስ ነው» አለች አለቃችን። «ለእነሱ ግን አልጽፍም።» ተነስታ መስኮቷን ከፈተች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆየች። «በሚቀጥለው ሳምንት የባቡር ሐዲድ ስብሰባ አለ። አንቺ ነሽ የምትገቢው። ተዘጋጂ።»

ሐዲድ፣ ፉርጎ፣ መጋጠሚያ፣ ፍሬን። ደረጃውን ወደ ላይ እየሮጥኩ ነው የወጣሁት፤ ቢሮዬ ግን ከአለቃችን በታች ባለው ፎቅ ነው፤ ተመልሼ ወረድኩ።

ኮስታራዋ ጎረቤቴ ሳጥን ውስጥ ብቻዋን ፖም ትበላ ነበር። ልናገራት አፌን ስከፍት በቢላዋዋ ቆርጣ አቀበለችኝ። በላሁ።

ሐኪሟ ጋ ደውዬ ቀጠሮ አስያዝኩ። «ምንም» ያልኳትን ማረም አለብኝ።

ከዚያ እትዬ ጋ ደወልኩ። ፕላስተሩን ነገርኳት፤ ተቆጣች፣ ፀጉር ሠሪዋን ጠቀሰች፣ ሐኪሟ ያለችውን በዝርዝር ሰማች፣ ቁጣዋን ቀስ በቀስ አስቀመጠች። ቃላት ሲጠፉብኝ እንደከረሙ ነገርኳት። ወደ ታች ሊያወርዱኝ እንደነበር፣ አሁን እንዳላወረዱኝም።

«እትዬ» አልኳት፣ «እኔ አንዳንድ ቀን ማንኪያ፣ ሹካ እያልኩ እቆጥራለሁ።»

ስልኩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ቢላዋ» አለች እትዬ። «ሳህን። ጭልፋ። ወንፊት። እኔ በየጠዋቱ ነው ሚጣ። እማዬ ከሞተች ጀምሮ።»

ድስት አልኩ። ክዳን አለች። ወጥ ቤቱን እየተቀባበልን ጨረስነው፤ አንዴም አልቆምንም።

«የሎሚ መጭመቂያውን ዘለልሽው» አለችኝ።

«የለኝም እኮ።»

አሰበችበት። «እንግዲያው አልረሳሽም» አለች።